ከትልቁ ማንጎ ሥር

ባለፈው ሰሞን አንድ የባምባሲ ነጋዴ ጄኔሬተር ሊሸጥ ገዢውን አስከትሎ ቢሯችን መጣ። ጠበቃው ዋቅሹማ አስቀመጣቸው፣ ስማቸውን ጠየቀ፣ የጄኔሬተሩን ዓይነት ጠየቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ዕቃው ያለበት ቦታ ላይ የተቀበረ ሰው አለ?» አላቸው። ነጋዴው ከት ብሎ ሳቀ። ዋቅሹማ እንዳልሳቀ ሲያይ ወደኔ ዞር ብሎ፣ «እናቴ፣ ሰውየው ጤነኛ ነው?» አለኝ።

«ካንተ ይሻላል! የተጠየቅኸውን መልስ» አልኩት።

ይሳቁብን፣ የለመድነው ነው። አሶሳ ውስጥ «የሙታን ጠበቃ» የሚል ስም ካወጡለት ቆይተዋል፤ ስም አውጪ መቼም ሥራ አይፈታም። እኔ ግን ሲስቁ ደሜ ይፈላል። ውሉን የምተይበው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አብሬው የነበርኩትም እኔው ነኝ። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮ ተብሎ የተከፈተው ሁሉ የበሩ ቀለም አልደረቀም፤ ሁለት መሥሪያ ቤት ባንድ ጠረጴዛ ይሠራል፤ ወንበር ያልደረሰው ኃላፊ ቆሞ ይፈርማል። ከመተከሉም፣ ከወለጋውም፣ ከመሀል አገሩም ሰው ይጎርፋል። ሁሉም ይከራያል፣ ሁሉም ይሸጣል፣ ሁሉም ሽርክና ይገባል። ውል የሚያዋውል ግን እንደ ጨው ተፈልጎ ነው የሚገኘው። እኔ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ታይፕ ተምሬ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ጋሽ ገረሱ ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። ጋሽ ገረሱ ድሮ ዳኛ የነበሩ፣ ኋላ ጥብቅና የያዙ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። ዋቅሹማ የሕግ ትምህርቱን ጨርሶ በጭነት መኪና ከመንዲ ሲመጣ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

ያኔ ዋቅሹማ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ጴንጤዎች ናቸው፤ ሰው ሰላም ሲል ራሱ የሚጸልይ ይመስላል። በጥቂት ዓመት ስለምበልጠው «እትዬ ማሚቱ» ይለኛል። የንግድ ሕጉን አንቀጽ በሙሉ በቃሉ ይወጣዋል። ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ግን ላብ ያጠምቀዋል።

«ውል ምን እንደሆነ ነው ያስተማሩን እትዬ» ይለኛል። «እንዴት እንደሚጻፍ አላስተማሩንም።»

ጋሽ ገረሱ ይስቁበታል። ሣጥናቸው ውስጥ ከአዲስ አበባ ያመጧቸው ቅጾች አሉ፤ የቤት ኪራይ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የመኪና ሽያጭ፣ የሽርክና። «ምን ያስጨንቅሃል ልጄ? ቅጹ ያውቃል። አንተ ስም አስገባ» ይሉታል። ዋቅሹማም ተማረ። ሲለምደውማ ጭራሽ ፍቅር ያዘው። ስርዝ ድልዝ አይወድም፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከሳትኩ ገጹን እንዳለ ያስደግመኛል። የሠራው አንቀጽ ሲያምርለት ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ ይላል። ጋሽ ገረሱ ዓይናቸው ደክሞ አዲስ አበባ ልጆቻቸው ዘንድ ሲሄዱ ሣጥኑንም፣ ቢሮውንም፣ እኔንም ለሱ ትተው ሄዱ።

አባ ጁምዓ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በርታ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር የማንጎ ማሳ አላቸው። አርጅተዋል። ልጃቸው ሙርሳል በኩርሙክ በኩል ሱዳን እየተመላለሰ ይነግዳል፤ ለቀማው ላይ የሚቆም ሰው ስለሌለ ማንጎው መሬት ላይ እየረገፈ ይበሰብሳል። አሳምነው የሚባል ነጋዴ፣ እንደኔው የሰፋሪ ልጅ፣ «አባ፣ ማሳውን ያከራዩኝ» አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ቢሯችን የገቡት፤ አሳምነው ደግፎ ከበሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

ዋቅሹማ ለማንጎ ማሳ የሚሆን ቅጽ የለውም። የመጋዘኑን አወጣ። «መጋዘን» የሚለውን «ማሳ» አደረገው፤ የበሩንና የቁልፉን አንቀጽ አወጣ፤ ሌላውን እንዳለ ተወው። ማሳውን አላየውም፤ ለምን ብሎ ያያል? ቅጹ ያውቃላ! ተይቤ ስጨርስ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ከአንቀጾቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ተከራይ በይዞታው ላይ የሚገኝን ማንኛውንም ነገር ለሥራው እንዲመቸው ማንሳት፣ ማፍረስና ማስተካከል ይችላል።»

አባ ጁምዓ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲያልቅ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መሬት ኋላ ለኛ ይመለስ?»

«ይመለሳል አባ፣ ጊዜው ሲያልቅ።»

«ጠይብ፣ መልካም» አሉና አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ነክረው አተሙ። ዋቅሹማ ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ አለ። በጣም ያምር ነበር ውሉ፤ አንድ ስርዝ የለበትም።

ማንጎው አንድ ወቅት ተለቅሞ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባ ጁምዓ ብቻቸውን መጡ። በእግራቸው ነው የመጡት፤ ነጭ ጀለቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ቀይ አፈር ሆኗል። አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅናቸው።

«ያ ወለዲ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ ወረቀት አንብብ።»

ዋቅሹማ ፈልጎ አወጣና አነበበ። «ማንኛውንም ነገር» የሚለው ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ልጅ የት ነው? ወረቀት ውስጥ ልጅ የለም።»

«የምን ልጅ አባ?»

እንግዲህ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው የነገሩንን እኔ አቃንቼ ልንገራችሁ። ሲትና የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ ወባ ወሰደባቸው። ማሳው ውስጥ ቀበሯትና ከራስጌዋ ማንጎ ተከሉ። ድንጋይ የለ፣ አጥር የለ፤ ምልክቷ ዛፉ ነው። ማንጎው አድጎ ከሁሉ የሚበልጠው ትልቁ ዛፍ ሆነ። መንደርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ሕፃን እንኳ እዚያ ሥር ድንጋይ አይወረውርም። አባ ጁምዓም ሲሞቱ እሷ ጎን ነው የሚተኙት፤ ቦታው ተትቶላቸው ይጠብቃል። አሁን አሳምነው የሲሚንቶ መጋዘን ሊሠራ የመንገድ ሥራ ዶዘር ለምኖ አምጥቷል። ዶዘሩ ጠዋት ማሳው በር ላይ ሲቆም አይተው ነው ወደኛ የሮጡት።

«ለምን ያኔ አልነገሩኝም አባ?» አለ ዋቅሹማ።

«የሚታወቅ ነገር ይነገራል?» አሉት ገርሟቸው። «አንተ ማንኛውም ነገር ብለህ አነበብክ። እኔ አጥር መስሎኝ። አሮጌ ጎጆ መስሎኝ። ልጅ ነገር ነው እንዴ?»

ወይ አምላኬ! ያቺን ቃል ስሰማ ጣቶቼ ታይፑ ላይ ደረቁ። የተየብኳት እኔ ነኝ እኮ፤ «ነገር» የሚለውን።

«ተነስ!» አልኩት ዋቅሹማን። «ሩጥ! የአሳምነው ሱቅ እዚህ ነው፣ ሂድና ንገረው!»

«ምን ብዬ? ውሉ ፈቅዶለታል። ያለ ወረቀት ምን ልበለው? ማሻሻያ ይፈርምልኝ።» ቁጭ አለና ረቂቅ ጀመረ። «ከትልቁ ማንጎ ሥር ያለው መቃብርና ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ አይነካም» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ተየብኩ። አየውና አልወደደውም። ባዶ ቦታው በየት በኩል እንደሆነ አልተገለጸም አለ። አባ ጁምዓን ጠየቀ፤ «በጸሐይ መግቢያ በኩል» አሉት። እንደገና ተየብኩ። «አይነካም» የሚለው ደካማ ነው ብሎ «ማንም ሰው በማንኛውም ምክንያት ሊነካው አይችልም» አደረገው። እንደገና ተየብኩ።

«ዋቅሹ፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ሂድ!» አልኩት።

«የፊተኛውን ያበላሸሁት ቸኩዬ ነው፤ ይቺን አላበላሽም» አለኝ። አባ ጁምዓ እጁን ያዩታል። ወረቀት ያጠፋውን ወረቀት እንደሚመልስ ያመኑ ይመስሉ ነበር። ከውጭ የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ እኔ ግን የዶዘር ድምፅ የሰማሁ እየመሰለኝ አንገቴን አሰግግ ነበር።

ሱቁ ሄደን ነገሩን ብንነግረው አሳምነው ወረቀቱን ሳያነበው ፈረመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ምንኛ በቀለለን! ፊቱ አመድ መሰለ። «ምነው እስካሁን! አንድ ሰው በቃል ብትልክብኝ አይበቃኝም ነበር?» አለው ዋቅሹማን። የአሳምነው ፒክአፕ ላይ ዘለን ወጣን፤ አባ ጁምዓን ጋቢና አስቀመጥናቸው።

ስንደርስ ዶዘሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሾፌሩ ጥላ ሥር ምሳውን ይበላል። ትልቁ ማንጎ የለም። ከነሥሩ ተነቅሎ ወንዙ ድረስ ተገፍቷል፤ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ዙሪያው ሁሉ ተጠርጎ ሜዳ ሆኗል፤ ቀይ፣ ርጥብ፣ ለስላሳ ሜዳ። ጥሬ ማንጎዎች አፈሩ ውስጥ ግማሽ ተቀብረው አረንጓዴ ራሳቸው ብቻ ይታያል። አሳምነው ሾፌሩን አንቆ ያዘው። «ስትቆፍር ምን አየህ?»

«አፈር ነው ጌታዬ። ምንም አላየሁም።»

አባ ጁምዓ ወረዱ። ጫማቸውን አወለቁና ሜዳው ላይ መሄድ ጀመሩ። ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ወንዙን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። «እዚህ» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው «ላ፣ ላ፣ እዚህ አይደለም» ይላሉ። ያን መሬት በጨለማ የሚያውቁ ሰው በጠራራ ፀሐይ ጠፋቸው። መጨረሻ ላይ መጥተው ዋቅሹማ ፊት ቆሙ።

«ያ ወለዲ፣ የት ነው?»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላል ያገሬ ሰው። ዋቅሹማ የተጠረገውን ሜዳ ያያል። ማሻሻያውን እንደያዘ ነው። አባ ጁምዓ ወረቀቱን ከእጁ ወስደው አዩት። «ልጅ ገባ?» አሉ። አዎ አልኳቸው እኔ። ቀለሙን ጠየቁኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውራ ጣታቸውን ነክረው አተሙ፣ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። «ኸላስ» አሉ፤ አለቀ።

አሳምነው መጋዘኑን ሳይሠራ ቀረ። ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠየቀ፤ አባ ጁምዓ ይቅር አሉት። ዋቅሹማ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ቢሄድ ግን «ካንተ ጋር ጠብ የለኝም» ብለው መለሱት። ጠብ ከሌለ ይቅርታም የለም፤ ይሄ ነው የገደለው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አባ ጁምዓ መምጣት ጀመሩ። ገብተው አግዳሚዋ ላይ ይቀመጣሉ። ምንም አይሉም። ባለጉዳይ ይገባል፣ ይወጣል፤ ዋቅሹማ አንቀጽ ሊያጽፈኝ አፉን ይከፍትና እሳቸውን ሲያይ ይጠፋበታል። ገበያው ሲበተን ተነስተው «ወዓለይኩም» ብለው ይሄዳሉ። ሰላም ያላቸው ሰው ሳይኖር። ለማን እንደሚመልሱ አምላክ ይወቅ።

ዋቅሹማ ከሳ። ውል ሲጽፍ ባለጉዳዩን ያደክመዋል፤ ሊፈርም ሲል «ቆይ» ይለዋል፤ ዕቃው ያለበት ድረስ ሄዶ ካላየ አይጽፍም። «እዚህ ያለው ሁሉ የሚያውቀው፣ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር ምንድነው?» ይላል። አንዱ ብድግ ብሎ ይሄድበታል፣ አንዱ ይሰድበዋል። የጋሽ ገረሱን ሣጥን አንድ ቀን ከነቅጹ አቃጠለው። እኔም አልከለከልኩትም።

አንድ የክረምት ቅዳሜ አባ ጁምዓ ቀሩ። ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ስተይብ አግዳሚዋ ሰው ሲቀመጥባት የምታወጣትን ድምፅ ሰማሁ፤ ሲጥ። እንግዳ መጣ ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ዋቅሹማም አንገቱን ቀና አድርጎ አግዳሚዋን እያየ ነው። በመናፍስት የማምን ሴት አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን ሦስቴ አማተብኩ። እንጨት በዝናብ ያብጣል፣ ይንጫጫል፤ እሱን አውቃለሁ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ሙርሳል ነው፣ የአባ ጁምዓ ልጅ፤ ከራሱ እስከ እግሩ በስብሷል።

«አባቴ ጠዋት አለፈ» አለ። «ልጄ ጎን ቅበሩኝ አለ። ቦታውን ጠበቃው ያሳያችሁ፣ እሱ ጽፎታል ብሏል። ሰው እየጠበቀ ነው፣ ና።»

ዋቅሹማ አየኝ። የዚያን ጊዜ ዓይኑን እስክሞት አልረሳውም። አላውቅም ማለት ነበረበት። ግን አስከሬኑ በዝናብ ውስጥ ቆሟል፤ ለሟች ኑዛዜ «አላውቅም» ተብሎ ይመለሳል? ሄድን። ለሴት ደንቡ አይደለም ብለው እኔን መንገዱ ዳር አስቀሩኝ። ከዚያ ሆኜ አየሁ። ሜዳው ላይ ሣር በቅሎበታል። ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ቆመዋል፤ ዋቅሹማ ወደፊት ሄደ፣ ወንዙን አየ፣ ፀሐይ የምትገባበትን አየ፤ ደመና ነው፣ ፀሐይ የለም። ከዚያ እጁን ዘረጋና መሬቱን አመለከተ። ሳያመነታ፣ ፍርድ ቤት እንደሚቆም ሰው። ቆፈሩ። ቀበሩ።

ስንመለስ ያሳፈረን መኪና ጋቢና ውስጥ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «አላውቀውም ነበር እትዬ» አለኝ። «ዝም ብዬ ነው ያመለከትኩት።»

ነጠላዬን አወለቅኩና አለበስኩት።

ከዚያ ወዲያ ነው ያቺን ጥያቄ የጀመረው። ቤት ሊያከራይ የመጣውንም፣ ሰሊጥ ሊሸጥ የመጣውንም፣ ወፍጮ ሊሸጥ የመጣውንም ይጠይቃል፤ የተቀበረ ሰው አለ? አግዳሚዋ ላይ ቅዳሜ ሰው እንዲቀመጥ አይፈቅድም። እኔም ቅዳሜ ስተይብ «ማንኛውም» የሚለው ቃል ሲመጣ እጄ ይከብደኛል፤ እሱም ቃሉን ትቼ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ እንድዘረዝር ነው የሚያዘኝ።

ኋላ ሙርሳል ለአባቱ ሰደቃ ሲያወጣ ጠራን፤ ዋቅሹማ ግን መሄድ አልቻለም። ሙርሳል ሰው ካለበት ፈቀቅ አደረገኝና እንዲህ አለኝ፦ «እኛ ጠበቃው እንደማያውቅ እናውቅ ነበር። አባቴም ያውቅ ነበር። ሊሞት ሲል እንዲህ አለኝ፦ ያ ልጅ እኔን ሲያይ ጊዜ ይሞታል፤ ያሳያችሁ። የት ቢያሳይም እዚያ ቅበሩኝ፤ እሱ ያሳየው ቦታ የእኔ ቦታ ነው። ልቡ ይረፍ።»

ኧረ ደስታ! እልል ማለት አማረኝ። ከሰደቃው ቤት ወጥቼ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ቢሮ ገባሁ። «ዋቅሹ! ይቅር ብለውሃል! ገና በሕይወት ሳሉ ይቅር ብለውሃል!» ብዬ የሰማሁትን ሁሉ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ደግ፣ ወጣለት አልኩ በልቤ። አልቅሶ ሲያበቃ እጁን አነሳና አግዳሚዋን አየ።

«እሳቸውስ ይቅር አሉኝ» አለ። «ሲትናስ? ጎኗ ይመጣሉ ብላ እየጠበቀች እኮ ነው።»

ታይፑ ላይ ወረቀት አስገባሁ፤ በሩ ላይ ባለጉዳይ ቆሞ ነበር።